ያልፈረሰው ድልድይ ጸሐፊ

ተቀመጡ፤ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። ይህን የምነግራችሁን ከሰው አልሰማሁትም፤ የገዛ እጄ ያለበት ነገር ነው። የአገሩን ስም ግን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ከመካከላችሁ አንዱ «እኔ እዚያ ዘመድ አለኝ» ማለቱ አይቀርም፤ ወሬው ወደ ዘመዱ ይዞራል፣ እኔም አፌን ከፍቼ እዚሁ ተጎልቼ እቀራለሁ።

በዚያ አገር ዓመቱ ገና ሳይመጣ ይጻፋል። የትልም ቤት የሚባል ትልቅ መሥሪያ ቤት አለ፤ ክረምቱን በሙሉ በሩን ዘግቶ የመጪውን ዓመት ታሪክ ሲጽፍ ይከርማል። መስከረም አንድ ቀን በአደባባይ ሁለት መጽሐፍ ይነበባል፦ ያለፈው ዓመት ታሪክና የመጪው ዓመት ትልም። ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ሥራ በትልሙ መሠረት መኖር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ትልሙና ታሪኩ ጎን ለጎን ይመሳከራሉ፤ በአንዲት ቃል እንኳ ከተለያዩ የሚቀጣው ጸሐፊው ነው። ዓመቱን መቅጣት ስለማይቻል ይመስለኛል።

ትልሙ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ መቼቱ ይወሰናል፤ ነገሩ የትና መቼ እንደሚሆን፣ በቦታውም ምን ምን ዕቃ እንደሚገኝ። ቀጥሎ ግጭቱ ይታወጃል፤ አንዱን ዓመት ሰው ከሰው ይጋጫል፣ አንዱን ዓመት ከአንበጣ፣ አንዱን ዓመት ከራሱ ጋር። ሰው ከራሱ ጋር የተጋጨበት ዓመት ደህና ነበር፤ ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ ራሱን ሲረግም ከረመ እንጂ ማንም ማንንም አልከሰሰም። ከዚያ ነገሩ እየከረረ እየከረረ ይሄድና ጳጉሜን ላይ ጡዘቱ ይደርሳል፤ እልባቱን የሚሰጠው ዋናው ነው።

ዋናው የምላችሁ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው። ድሮ ንጉሥ ይባል ነበር፤ ንጉሥ ማለት ቀረ፣ ዙፋኑ ግን አልቀረም። ከእሱ በቀር ያለው ሕዝብ በሙሉ አጃቢ ገጸ ባሕርይ ነው። ለአጃቢ ደግሞ የሚሰጠው ጠባይ አንድ ብቻ ነው፤ ሲወለድ መዝጋቢ መጥቶ ይጽፍለታል፦ ሳቂታ፣ ቁጡ፣ ነገረኛ፣ ፈሪ። ሁለተኛ ጠባይ ሲያሳይ የተገኘ ይቀጣል። አንድ ሳቂታ ጎረቤት ነበረኝ፤ ጥርሱን ሲነቅሉለት እንኳ እየሳቀ ነው የጮኸው። መለወጥ የተፈቀደለት ዋናው ብቻ ነው፤ ጠዋት ይቆጣል፣ ቀትር ላይ ይምራል፣ ከሰዓት በኋላ ይጸጸታል። ሕዝቡም «እንዴት ያለ ጥልቅ ሰው ነው» እያለ ያደንቃል። ያድንቅ እንጂ፤ ሌላው ጥልቅ እንዳይሆን በሕግ ተከልክሎ የለ?

ለእኔ የተጻፈልኝ ጠባይ «ታማኝ» የሚል ነው። በዚህም የተነሳ የድልድይ ጸሐፊ አድርገው ሾሙኝ። ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ አለ፤ በዚህኛው ዳር እኔ መዝገብ ይዤ እቀመጣለሁ፣ በወዲያኛው ዳር ተድባበ የሚባል ጸሐፊ ይቀመጣል። የሚሻገረውን ሰው እኔ «ሄደ» ብዬ እጽፋለሁ፣ እሱ «ደረሰ» ብሎ ይጽፋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ለታማኝ ሰው አይከብድም።

በዚያ ዓመት የታወጀው ግጭት ሰው ከጎርፍ ነበር። ትልሙ እንዲህ ይላል፦ ጳጉሜን ሦስት ቀን ወንዙ ይሞላል፤ ድልድዩ ይንገዳገዳል፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ዋናው ደርሶ ድልድዩን ያድነዋል። ጥሩ ትልም ነው፣ አልጠላሁትም። ችግሩ፣ ትልሙ ሲነበብ ወንዙ አደባባይ አልነበረም። ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ረፋዱ ላይ ሞልቶ መጣና ድልድዩን ጠራርጎት ሄደ። በእኔ በኩል ሦስት ሳንቃ፣ በተድባበ በኩል አንድ ምሰሶ ቀረ። በሰዓቱ ድልድዩ ላይ የነበረችው አንዲት አህያ ናት። አህያ መዝገብ ላይ ስለሌለች ምን ደረሰባት ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

የትልም ቤቱ ኃላፊ ሊቀ ትልም መኳንንት በማግስቱ መጣ። ጃንጥላ ይዞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ዳር ላይ ቆመ። ወንዙን አየ፤ መጽሐፉን ገልጦ አየ፤ ደግሞ ወንዙን አየ።

«ይህ ጳጉሜን ላይ የሚሆን ነገር ነው» አለ።

«ሆኗል እኮ ጌታዬ» አልኩት።

«አልሆነም። ቀኑ ያልደረሰ ነገር እንዴት ይሆናል? ዋናው ሳይመጣ የፈረሰ ድልድይ ማን ያድነዋል? እስከ ጳጉሜን ሦስት ድልድዩ ቆሟል። አንተም እንደ ወትሮህ ትጽፋለህ።»

ሥርዓቱንም እዚያው አወጣው። መሻገር የሚፈልግ ሰው ይመጣል፤ ከሦስቱ ሳንቃዎች የመጀመሪያዋን ይረግጣል፤ እኔ «ሄደ» ብዬ እጽፍና ስሙን ወደ ማዶ እጮኻለሁ፤ ተድባበ «ደረሰ» ብሎ ይጽፋል፤ ሰውዬው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤቱ ቢመለስም ማዶ ነው። ማዶ ያለን ሰው ደግሞ ማየትና ማነጋገር አይቻልም።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። አንድ ሸማኔ በዚህ ዓይነት ተሻግሮ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ምሳ አቅርባ ለልጆቿ ታጎርሳለች፤ እሱ ገበታው ጥግ ተቀምጦ «እኔስ?» ይላል። እሷ ወደ ልጆቹ ዞራ «አባታችሁ ማዶ ነው፤ ሲመለስ ይበላል» ትላቸዋለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የተጻፈላት ጠባይ «ሕግ አክባሪ» የሚል ነው። ተድባበ ከማዶ «ተመለሰ» ብሎ እስኪጮህልኝ ድረስ ሰውዬው ሁለት ቀን ጦሙን ዋለ።

ታንኳም ተከለከለ። ቢምረው የሚባል ሙልጭ ያለ ድሃ ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ ሊቀ ትልም ጠርቶ «ታንኳ በዘንድሮው መቼት ውስጥ አልተጠቀሰም» አለው። ቢምረው የተጻፈለት «ፈሪ» ተብሎ ነውና ታንኳውን ገልብጦ አፉን ዘጋ።

አሥር ቀን እንዲህ ሆነን ከረምን። ሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን ጠዋት እትዬ አልጋነሽ መጣች።

እትዬ አልጋነሽ የከተማው አዋላጅ ናት። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለው ሰው ግማሹ በእሷ እጅ ነው የወጣው። የተጻፈላት ጠባይ «ታጋሽ» የሚል ነው። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ይመናሹ የምትባል፤ ማዶ ነው የተዳረችው። በዚያ ጠዋት ከማዶ «ይመናሹን ምጥ ያዛት» የሚል ጩኸት መጥቶላት ነው። ምላጯን፣ ክሯንና ቅቤዋን በጨርቅ ቋጥራ እየሮጠች ደረሰች። ሊቀ ትልም ዳሩ ላይ ድንኳን አስተክሎ ነበርና እሱ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ምጥ ላይ ናት። የመጀመሪያዋ ነው፤ ዳሌዋ ጠባብ ነው። እኔ ካልደረስኩላት ልጄን ማጣቴ ነው። ቢምረው በታንኳው ያድርሰኝ።»

«እትዬ አልጋነሽ፣ ድልድይ እያለ ታንኳ ምን ያደርጋል?»

«ድልድዩማ የለም።»

«አለ።»

«የታለ?»

«ገጽ አርባ ሦስት ላይ» አለና መጽሐፉን ዘረጋላት።

እትዬ አልጋነሽ መጽሐፉን አላየችም። «ሰውዬ፣ ልጄ ልትሞት ነው እኮ እያልኩህ ነው» አለችው። አንተ አለችው፤ በጆሮዬ ሰማሁ።

ሊቀ ትልም መነጽሩን አወለቀ። «እርስዎ ታጋሽ ነዎት» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «አሁን የሰማሁት የቁጡ ሰው ድምፅ ነው። የሌላ ሰው ጠባይ መውሰድ እንደሚያስቀጣ ያውቃሉ። እኔ ግን አልሰማሁም ልበልና ልርዳዎት። እንዳላማው፣ ጻፋቸው።»

እንዳላማው እኔ ነኝ። እጇን ይዤ የመጀመሪያዋን ሳንቃ አስረገጥኳት። ምን እያደረግኩ እንደሆነ አልገባትም፤ መንገድ የማሳያት መስሏታል። መዝገቤን ገልጬ «አልጋነሽ፣ አዋላጅ፣ ሄደች» ብዬ ጻፍኩ። ወደ ማዶም ጮህኩ። ተድባበ «ደረሰች» ብሎ መለሰልኝ።

የትልም ቤት አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ እያንዳንዱ ድርጊት ከምክንያቱ መወለድ አለበት። አዋላጅ ከተሻገረች ወላድ ትወልዳለች፤ ካልወለደች አዋላጅዋ ለምን ተሻገረች ተብሎ ጸሐፊ ይጠየቃል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከማዶ እልልታ ተሰማ። ቆጠርነው፣ ሰባት ነው። ተድባበ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ይመናሹ ወለደች፤ ወንድ ነው» ብሎ ጮኸ።

የእትዬ አልጋነሽ ፊት በራ። ለአንዲት አፍታ ነው፤ ወዲያው ጠቆረ። «ማን አዋለዳት?» አለችኝ።

ወደ ማዶ ጮኼ ጠየቅኩላት።

«እትዬ አልጋነሽ ናቸዋ፤ አሁን ደርሰው» አለ ተድባበ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ «እንዳላማው፣ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። አሁን የምናገረውን ስናገር እስከ ዛሬ ያመኛል። ቢምረው ቤቱ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም ነበር። «ይሂዱና ይለምኑት፤ እኔ ዐይኔን እጨፍናለሁ» ማለት እችል ነበር። ያልኳት ግን «የማረሚያ ማመልከቻ እናስገባ፤ በሦስት ቀን መልስ ይመጣል» ነው። ታማኝ ነኛ። እሷም እሺ አለች፤ ታጋሽ ናታ። ሁለት ቂሎች የተጻፈልንን ይዘን ሦስት ቀን ጠበቅን።

ሦስቱን ቀን ዳሩ ላይ ቋጠሮዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነው የዋለችው። ያዋለደቻቸው ሰዎች በአጠገቧ ያልፋሉ፤ ማዶ ናትና «እንዴት ዋሉ» የሚላት የለም። አንዷ ብቻ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ የጣለች እየመሰለች ቆሎ አስቀምጣላት ሄደች።

ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን ጠዋት መልሱ መጣ። አነበብኩላት፦ «አመልካቿ ማዶ ስለሚገኙ ማመልከቻቸውን በማዶው ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ያስገቡ።»

ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። ከዚያ «እኔ እዚህ የለሁም ማለት ነው?» አለችኝ።

«በመዝገቡ የሉም፣ እትዬ።»

«የሌለን ሰው ማን ይከለክለዋል ታዲያ?» ብላ ተነሳች። በቀጥታ ቢምረው ቤት ሄደች፤ እኔም መዝገቤን ይዤ ተከተልኳት። ቢምረው በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አወጣ።

«እትዬ፣ በእርስዎ የተነሳ እኔን ሊያስሩኝ ነው?»

«ማንን ጫንክ ቢሉህ ማንን ትላቸዋለህ? እኔ ማዶ ነኝ።»

«እኔ ግን እዚህ ነኝ» አለ ቢምረው። አልተሳሳተም።

ያን ጊዜ ነው አንዲት ደህና ሥራ የሠራሁት። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «ቢምረው፣ ሄደ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ «እንዳላማው፣ ሄደ» ብዬ ጨመርኩ። ሴትዮዋን ተሻገረች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ ጽሑፌን እውነት ላድርግ ብዬ ነው።

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ታንኳዋን አውርደን ገባን። ሊቀ ትልም ከድንኳኑ ወጥቶ አየን። አፉን ሊከፍት ሲል አሰበበት መሰለኝ፣ ዘጋው። ሦስት ማዶ ያሉ ሰዎች፣ በማትታወቅ ታንኳ፣ በቆመ ድልድይ ሥር ሲያልፉ ማየት እሱም አልተፈቀደለትም። ጃንጥላውን ዘንበል አድርጎ ፊቱን ሸፈነ።

ውኃው ክፉኛ ቢያንገላታንም ደረስን። የይመናሹ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ገንፎ ተገንፍቶ እየተበላ ነው፤ ሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። የሚስቀው ይስቃል፣ የሚመርቀው ይመርቃል። ከጓዳው ደግሞ የምታምጥ ሴት ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ እንኳ አልቋል። ጓዳው በር ላይ እማማ ትርንጎ ተቀምጠዋል፤ እድሜ ጠገብ ናቸው፣ እሳቸውም ስንቱን አዋልደዋል። እትዬ አልጋነሽን ሲያዩ ተነሱ።

«ልገባ ብዬ ነበር አልጋነሽ፣ ይሙት አባቴ። ወልዳለች ተብሎ ተጽፏል። የወለደችን ሴት እንዴት ብዬ ላዋልዳት?»

እትዬ አልጋነሽ አልመለሰችላቸውም፤ አልፋቸው ገባች። እኔ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። የይመናሹን ድምፅ ሰማሁ።

«እማ፣ እዚህ ነሽ? መጥታለች፣ መጥታለች ሲሉኝ ነበር። እኔ እንጃ፣ የማላይሽ እኔ መስሎኝ» አለች።

«አሁን መጣሁ ልጄ» አለቻት እናቷ። ከዚህ በቀር የተነጋገሩትን አልሰማሁም።

ቀትር ላይ ልጅ አለቀሰች። ሴት ናት፣ ደህና ናት። ይመናሹ ግን ፀሐይ ዘወር ሳትል ሞተች። ሦስት ቀን ቢቀደም ኖሮ ትድን ነበር፤ እትዬ አልጋነሽ ናት ያለችው፣ እሷ ደግሞ በዚህ ነገር አትሳሳትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ሰው መጣ፤ አልቀረም። ሆኖም እንዴት እንደሚቆም አያውቅም። ሳቂታዎቹ ጥርሳቸውን ገልጠው፣ ነገረኞቹ እርስ በርስ እየተጎሻሸሙ፣ ፈሪዎቹ ከኋላ። ተድባበ መዝገቡን ይዞ መቃብሩ ራስጌ ቆሞ ይቅበዘበዛል። «ደስተኛ እናት ተብላ ተጽፋለች፤ ጳጉሜን ሦስት ቀን ሕፃኑን ታቅፋ ዋናውን የምታመሰግነው እሷ ናት። ከጡዘቱ በፊት እንዴት ትሞታለች? እባካችሁ ማንም እንዳያለቅስ» ይላል።

እትዬ አልጋነሽ ሕፃኗን በነጠላዋ አዝላ ነበር። ወደ ሰዉ ዞረች።

«ሠላሳ ዓመት አዋልጃችኋለሁ» አለች። «አንተን ሳቂታውን፣ አንቺን ነገረኛዋን፣ ተድባበ አንተንም፣ በዚህ እጄ ነው የተቀበልኳችሁ። ሳያለቅስ የወጣ አንድም የለም። መዝጋቢው ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ሁላችሁም አልቅሳችኋል፤ የሰማሁት እኔ ነኝ። አሁንም ልጄን አልቅሱልኝ።»

መጀመሪያ ያለቀሰው ሳቂታው ነው። እንደማያውቅበት ያስታውቃል፤ እየተንተባተበ ነው ያለቀሰው። ቀጥሎ እማማ ትርንጎ፣ ቀጥሎ ቢምረው፣ ከዚያ ሁሉም። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፤ ነውር ሆኖ አልተሰማኝም።

ለቅሶው ጋብ ሲል ተድባበ ዐይኑን በመዳፉ እየጠረገ ወደ እኔ መጣ። «እንዳላማው፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። «አለቀሱ ብዬ ካልጻፍኩ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከጻፍኩ ለምን አለቀሱ ሊሉኝ ነው።»

ያንን ሁሉ ሕዝብ ከቅጣት ላድን ብዬ ነው እያልኩ ለብዙ ዘመን ራሴን ሸንግያለሁ። ለእናንተ ግን አልዋሽም፤ ፈርቼ ነው። «በደስታ አለቀሱ በል» አልኩት።

ጻፈው። እትዬ አልጋነሽ አጠገባችን ነበረች፤ ሰምታለች። ቀና ብላ አየችኝና ያዘለቻትን ሕፃን የምታስተካክል መስላ ፊቷን አዞረች።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ዋናው መጥቶ ሦስቱን ሳንቃ በእጁ ነካ፤ ድልድዩ ዳነ ተባለ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ወንድ ሕፃን ተውሰው አሳቀፉት፤ ሳመው፣ ተጸጸተ፣ ማረ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን። መስከረም አንድ ቀን ታሪኩ ሲነበብ ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ለዚያች ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን ሕዝቡ በወንዙ ማዶ ተሰብስቦ በደስታ አለቀሰ።» ዋናው ራሱ ዐይኑን ጠረገ አሉ። ዐረፍተ ነገሯ የማን እንደሆነች ተጠየቀ፤ ተድባበ የእኔ መሆኗን ተናገረ። የሁለቱም ዳር ጸሐፊዎች አለቃ አድርገው ሾሙኝ።

ልጅቷ አደገች። መዝገብ ላይ ያለው ወንድ ስለሆነ እሷ የለችም፤ ስለዚህ ጠባይም አልተጻፈላትም። ሲያሻት ትስቃለች፣ ሲያሻት ታኮርፋለች፣ ከሁሉ በላይ ትጠይቃለች። አያቷ ማንበብ አስተማረቻት። ዐሥር ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ጠዋት የዚያን ዓመት ታሪክ አቅፋ ቢሮዬ ገባች። ሰዎቼ አላዩአትም።

«ጋሼ እንዳላማው፣ ይህችን የጻፏት እርስዎ ነዎት?» አለችኝና ጣቷን ዐረፍተ ነገሯ ላይ አሳረፈች።

«ነኝ» አልኳት።

«አያቴ እናትሽ የተቀበረችው ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን ነው ትለኛለች። እዚህ ደግሞ በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ተደሰተ ይላል።» ጣቷን አላነሳችም። «እናቴን ያን ያህል ይጠሏት ነበር?»

ቆማ ጠበቀችኝ፤ ብዙ ጠበቀችኝ። ከዚያ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ወጣች።

ተረቴ ይኸው ነው። ዳቦውን ለሌላ ተራቺ አስቀምጡት።